ገናውን ያጫወትኳቸው እኔ ነኝ

አባዬ፣

እህል ፍለጋ ቆቦ ወርደህ በቃሬዛ ከተመለስክ፣ በማግስቱም ከተለየኸን፣ አራት ወር ሞላ። ልጽፍልህ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ሁለት መስመር ሳልጽፍ ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ። መንገዱን አይቼ እመለሳለሁ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

በሬው አንተን በቀበርን በሳምንቱ ወደቀ። ማሽላው ሳያፈራ ደርቆ ቀረ። እማዬ ዱቄት ይታደላል በተባለ ቁጥር ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ይዛ፣ አንዳንዴ ባዶ እጇን ትመለሳለች። አብዛኛው የመንደራችን ሰው ወደ ዋጃና ወደ ጎብዬ ተበትኗል።

ገና ሲቃረብ ግን ልጆቹ መጡ። አንተ በየዓመቱ ገና ጨዋታ የምታለማምዳቸው፤ ዘጠኝ የነበሩት አምስት ሆነው። ደጃችን ላይ ቆሙ። የጎረቤታችን የእትዬ አበቡ ልጅ ደርቤ ከሁሉም ኋላ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ቀና ብሎ ሰው አያይም፤ ዱላ ሲሰጡትም እጁን ይሰበስባል።

ሴት ልጅ ገና ስታጫውት ማን አይቶ ያውቃል? አንተ ግን የጠረብካትን ሩር ከቤታችን ጀርባ ታንከባልልልኝ ነበር። ስስታት አንድም ቀን ተቆጥተኸኝ አታውቅም፤ «መምታቱ ኋላ ይመጣል፣ መጀመሪያ ስትመጣብሽ አትሽሺ» ነበር የምትለኝ። ለእነሱም ያንኑ አልኳቸው። ቶሎ ስለሚደክማቸው ሜዳውን አሳጠርኩት፤ ተቀምጠው በእጃቸው እያንከባለሉ በዱላ ማቆምን ተለማመዱ።

አንድ ቀን እትዬ አበቡ መጡና «ምን ነካሽ? በባዶ ሆዳቸው ልታስሮጫቸው ነው?» ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንተ ብትሆን ምን ትላቸው ነበር? በእኔ ፈንታ ደርቤ መለሰ፦ «እማ፣ ተይኝ። ቤት ስቀመጥ እሱን ብቻ ነው የማየው።» ወንድሙን ማለቱ ነው። እትዬ አበቡ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። እስክንጨርስ ግን አልሄዱም።

በገና ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የቀረው ሰው ሁሉ እያየ ተጫወቱ። ደርቤ ያንከባለልኩለትን የመጀመሪያዋን ሩር ሳታት። ሁለተኛዋንም። ዱላውን ጥሎ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና «መልሽልኝ» አለ። ሦስተኛዋን አቆማት። መታትም፤ ሩቅ አልሄደችም። ጓደኞቹ ግን ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹለት።

ከዚያ ወዲህም ልቤ አላረፈም። ከአምስቱ አንዱ በማግስቱ ታመመ፤ ሩጫው ይሁን ረሃቡ እንጃ። በየቀኑ እየሄድኩ አየዋለሁ። ዛሬ አጥሚት ቀምሷል አሉኝ፤ እሱም ከተኛበት ሆኖ መቼ እንደምንጫወት ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

ደርቤ ዛሬ ሁለት ትንንሾች አስከትሎ መጣ። አንዷ ሴት ናት። ዱላውን እንዴት እንደምትይዝ ሳሳያት «ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። ስምህን ነገርኳት። ደግማ እንድትጠራውም አደረግኋት፣ አባዬ። እኔ እስካለሁ ድረስ ስምህ በዚህ መንደር ሳይጠራ የሚመሽ ቀን አይኖርም።

ልጅህ አስካለ