ሦስቱም ወርደዋል

ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽ ደህና ናት፤ አሁንም ድስቷን እየፈተገች ከራዲዮኑ ጋር ትጨቃጨቃለች። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ፊደሌ የጡብ ያህል ሆኖ ቢታይሽ አትሳቂብኝ። በእስክሪብቶ የጻፍኩትን ራሴ ማንበብ ስላቃተኝ ነው በወፍራም ማርከር የምጽፍልሽ፤ አንዱ ገጽ አሥር መስመር እንኳ አይዝልኝም።

ስለ አውሮፕላኑ በዜና ሰምተሽ ስትደውዪ "ሁሉም ተርፏል" ብዬ ቶሎ ዘጋሁብሽ። ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

የዚያን ቀን እንደ ልማዴ ቢጫዋን መኪና ማኮብኮቢያው ዳር አቁሜ ወፍ ሳባርር ነበር። አብራሪው ጎማዎቹን ሲያወርድ ከሦስቱ አረንጓዴ መብራቶች የግራው አልበራለትም። አምፖሉ ተቃጥሎ ይሁን ጎማው አልወርድ ብሎ፣ አላወቀም። መቆጣጠሪያ ማማው በጉም ተሸፍኖ ነበርና በሬዲዮ ወደ እኔ መጡ። "ንስሩ፣ ዝቅ ብሎ ባጠገብህ ያልፋል። ጎማዎቹን እይልን" አሉኝ።

ታውቂያለሽ፣ ንስሩ ያሉኝ ከሃያ ዓመት በፊት አስፋልቱ ላይ የወደቀች አንዲት ብሎን ከሩቅ አይቼ በረራ ስላስቆምኩ ነው። አሁን እዚያ ስሜን የሚያውቅ የቀረ አይመስለኝም።

አለፈ። ልጄ፣ ያየሁት ግራጫ ነገር ብቻ ነው። ሆዱና ሰማዩ አልተለየኝም። "አላየሁም" ማለት አንዲት ቃል ነበረች። ግን ንስሩ አላየሁም ካለ የሚቀጥለው ጥያቄ "ለምን?" ነው።

"ሦስቱም ወርደዋል" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

የግራው አልወረደም ነበር፤ መሬት ሲነካ በግራ በኩል የጎማ ድምፅ አልሰማሁም። አብራሪው እኔን አምኖ አረፈ። ክንፉ አስፋልቱን እየፋቀ፣ ብልጭታ እየረጨ ሣሩ ውስጥ ገባ። መንገደኛው አጎንብስ እንኳ አልተባለም፤ አንዲት አሮጊት ትከሻቸው ተሰበረ። ማንም አልሞተም፤ ይህን በቀን መቶ ጊዜ ለራሴ እነግረዋለሁ።

የአውሮፕላኑ ሥር ስለተጨፈለቀ መርማሪዎቹ የያዙት የእኔን ቃል ነው። ንስሩ ካየ ጎማው ወርዶ ነበር፤ ወርዶ ከታጠፈ ደግሞ መቆለፊያው አልያዘም ማለት ነው። መቆለፊያውን ከሳምንት በፊት የቀየረው ማን መሰለሽ? ከታች ያለው ጎረቤታችን፣ ብስክሌትሽን ሲጠግንልሽ የኖረው መካኒክ። ይኸው ከሥራ ከታገደ ሁለት ሳምንቱ።

የዓይን ምርመራውን ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት እንዳለፍኩ ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም። የሐኪሙን የፊደል ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንስተሽ፣ የትምህርት ቤት ልብስሽን እየተኮስሽ እንደ መዝሙር ያስጠናሽኝ ትዝ ይልሻል? አንዷን ፊደል ስስት "አባዬ፣ ወደቅህ!" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ብቻ ተባብለን ነበር። አንቺ ጨረስሽ፣ እኔ መውጫው ጠፋኝ። እውነቱን ብናገር "ማን ረዳህ?" ይሉኛል፤ ዝም ብል ያ ሰው ባልሠራው ጥፋት ሥራውን ያጣል። ዙሪያው ገደል ሆነብኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ደረጃ ስወርድ አንድ ሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አሳለፈኝ። "እንደምን አደሩ" አልኩት። ሁለት ደረጃ ከወረድኩ በኋላ "ንስሩ፣ እኔ እኮ ነኝ" አለኝ። መካኒኩ ነበር። ሠላሳ ዓመት የማውቀውን ሰው በክንድ ርቀት አንቱ ብዬው አለፍኩ። እንደገባው ከድምፁ አወቅኩ። ሮጦ ለመርማሪዎቹ ይነግራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢነግርብኝ ይሻለኝ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ወዲህ የእሱ በር ሲከፈት በሰማሁ ቁጥር እስኪወጣ ድረስ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። በገዛ ቤቴ ታሰርኩ፣ ልጄ።

ዛሬ ጠዋት ወርጄ አንኳኳሁ።

"ነገ በአራት ሰዓት መርማሪዎቹ ጋ ቃሌን ላስተካክል ነው። አብረኸኝ ሂድ" አልኩት።

"መንገዱን ታውቀው የለም እንዴ?"

"አውቀዋለሁ። አላየውም።"

ይህን ከአንቺና ተደብቄ ከሄድኩበት ሐኪም በቀር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። መጨረሻ ላይ "በሦስት ተኩል መጥቼ እወስድሃለሁ። ብቻህን እንዳትወርድ፣ ሦስተኛው ደረጃ ተሸርፏል" አለኝ።

ማን ረዳህ ካሉኝ፣ ብቻዬን ነው የሸመደድኩት እላለሁ። የመጨረሻ ውሸቴ ናት፤ ደውለሽ እንዳታበላሺብኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ይህችን ከሌላው አስበልጬ የጻፍኳት ደጋግመሽ እንድታነቢያት ነው።

እግዜር ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን፤ ዓይንሽን ክፉ አይንካብኝ። የእኔ ሕመም የዘር ነው ብሎኛል ሐኪሙ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሄደሽ ተመርመሪ። ሰሌዳውን ሳታጠኚ ግቢ።

የሚወድሽ አባትሽ