ከግድግዳው ያላነሳሁት የእጅህ አሻራ

አያልነህ ሆዴ፣

አፈር ከለበስክ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንደምን ነህ እንዳልልህ መልስ የለህም። እኔ ደህና ነኝ፤ የምነግርህም አለኝ።

መኝታ ቤታችን ላይ የለጠፍነውን የግድግዳ ወረቀት መቼም አትረሳውም። ከባሕር ዳር ተሸክመኸው መጥተህ፣ እኔ ሙጫ ስቀባ አንተ በርጩማ ላይ ቆመህ ስትለጥፍ፣ አንዱን ቁራጭ አበቦቹን ዘቅዝቀህ ለጥፈኸው ሆዳችንን እስኪያመን ስቀን ነበር። በታመምክበት ክረምት የደብረ ታቦር ብርድ አጥንትህ ድረስ ገባ። ምድጃውን አልጋህ አጠገብ አስጠግቼ ቀኑን ሙሉ አነደድኩልህ። ወረቀቱ ጠቆረ። ግድ አልሰጠኝም፤ አንተ ሞቆህ ነበርና።

በአርባህ ዕለት ታናሽ ወንድምህ ፈንታሁን ከአንበሳሜ መጣ። ስምንት ወር ስትታመም አንድ ቀን ያልረገጠውን ቤት ገብቶ፣ ጣቱን ግድግዳው ላይ አሽቶ ጥላሸቱን ለተሰበሰበው ሰው አሳየ።

«ይኸው! ወንድሜን በጭስ አፍና የገደለችው እሷ ናት» አለ።

የገደለህ ጉበትህ እንደሆነ ሐኪሙ በስልክ ነግሮታል። እያወቀ ነው ያለው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ፤ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴት እንኳ ዓይኔን ማየት ተወች። ያን ሳምንት ማልኩ። በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰው ፊት አዋርደዋለሁ አልኩ።

ሙት ዓመትህ ሲቃረብ ግድግዳውን ማጽዳት ጀመርኩ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሆቴል ስትሠራ የለመደችውን አሳየችኝ። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች አራገፍኩ። ከዚያ ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ ወረቀቱ ላይ እያንከባለልኩ ጥላሸቱን አስለቀቅኩ፤ ሊጡ ሲጠቁር ሌላ እያቦካሁ። የቀረውን ሳሙና በነካው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ አበስኩት። «ውሃ ካበዛሽበት ይላቀቅብሻል» ትለኛለች እሷ። አራት ቀን ፈጀብኝ። አበቦቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

ራስጌህ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ከአልጋ ስትነሳ የምትደገፍበት ቦታ ላይ የመዳፍህ ወዝ ታትሟል፤ አምስቱም ጣቶችህ። እዚያ ተደግፈህ ነበር በመስኮቱ መንገዱን የምታየው፣ «ዛሬ ፈንታሁን ሳይመጣ አይቀርም» እያልክ። ያን ቦታ ሳልነካው ተውኩት።

በሙት ዓመትህ የአርባውን ሰው ሁሉ ጠራሁ። ፈንታሁንም አዲስ ጋቢ ለብሶ መጣ። ሰው ሳይበላ በፊት ሁሉንም ወደ መኝታ ቤት አስገባሁና አሻራህን ለፈንታሁን አሳየሁት።

«ጥላሸቱን በአራት ቀን አጠብኩት» አልኩት። «ይሄ ግን ወንድምህ አንተን ሲጠብቅ የተደገፈበት ነው። ስምንት ወር ጠበቀህ። ከአንበሳሜ እዚህ በመኪና ስንት ሰዓት ነው? ንገራቸው።»

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። አክስትህ እማሆይ፣ «አንድ ቀን እንኳ አልመጣህም ልጄ?» አሉት። እህል ሳይቀምስ ወጣ። አጥሩን ይዞ ሲንሰቀሰቅ ከውስጥ ሰማሁት። አልዋሽህም አያልነህ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። አብልቼ፣ አጠጥቼ፣ ባዶ እጃቸውን ሰደድኳቸው። የንስሐ አባታችንም መጥተው፣ «ሙታን ቂም የላቸውም፤ አንቺም ተይው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አንተ ቂም አታውቅም፣ በሕይወትህም አታውቅም ነበር። ስለዚህ እኔ ይዤልሃለሁ።

በየወሩ በዕለትህ ስምህን አስጠራለሁ። አጠገብህ እስክተኛ ድረስ አንተን አልረሳህም፤ ለእሱም አልረሳለትም።

ያንተዋ የሺ