ጀርባ የሌላቸው አራት መደርደሪያዎች

ፍኖተ ሰላም፣ እሑድ፣ ግንቦት ፲፰

ውድ ወንድሜ ስመኘው፣

ሰላምታዬ ቢያጥርብህ አትቀየመኝ፤ ተናድጄ ነው የምጽፍልህ። ስልክህን ስለማታነሣ ይህን ደብዳቤ ወደ መራዊ ለሚመለስ የእህል ነጋዴ ሰጥቼዋለሁ። ቆጋ መስኖ ወርደህ ሽንኩርት እያጠጣህ ነው አሉኝ፤ ውኃው ይብዛልህ። እኔ አብረን ስንሠራበት ትተኸኝ ከሄድህበት የቤት ዕቃ ሱቅ እስካሁን አለሁ። በካርቶን ታሽገው የሚመጡትን መደርደሪያዎች እገጥማለሁ፤ እህል ግን አልበላ ብሎኛል።

ምክንያቱ ባለፈው ዓመት ለቡሬው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የገጠምናቸው አራት መደርደሪያዎች ናቸው። ስስ የሆኑትን የጀርባ ሰሌዳዎች ከካርቶኑ ስናወጣ፣ "ይህ ዕቃው እንዳይጫር የተደረገ መጠቅለያ ነው፤ ትርፍ ነው" ብለህ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ለጋሽ አንዷለም ሰጠሃቸው። እሳቸውም ለጎጆአቸው ኮርኒስ አደረጓቸው። መደርደሪያው ሲወላገድ ባሳይህ "ግድግዳው ይይዘዋል" አልህ። ግድግዳው ጭቃ መሆኑን ሁለታችንም እያየን ነበር። የግድግዳው ብሎን፣ ቪቴው፣ ምርጉ ውስጥ እንደ ቅቤ ሲገባ ሳቅህ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ያ ሳቅ ነው። ከአራተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው አንተን ላርም ብዬ አፈርሁ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በዚህ ሳምንት ለመምህር ኃይለ ሚካኤል መደርደሪያ ስገጥም ነው። አንተ ዘወትር መቀመጫ ታደርገው የነበረውን፣ ከካርቶኑ ጋር የሚመጣውን የአገጣጠም መመሪያ ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ተመለከትሁት። ፊደል የለበትም፤ ሥዕል ብቻ ነው። ለአራተኛ ክፍል ይበቃል። ያ ሰሌዳ መጠቅለያ አይደለም፤ አከርካሪው ነው።

ስመኘው፣ አንተ የገበሬ ልጅ ነህ። ሞፈሩና ድግሩ ቦታቸውን ሳይዙ ማሰሪያ ቀለበቱን፣ ወገሉን፣ የሚያጠብቅ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? ታዲያ እኛ የመጀመሪያውን ብሎን ክርር አድርገን ካሰርን በኋላ ከመጨረሻው ቀዳዳ ጋር ስንታገል የኖርነው ስለ ምንድን ነው? አሁን ብርድ ልብስ አነጥፍና መደርደሪያውን በፊቱ አስተኛዋለሁ። የእንጨት ችንካሮቹን ኮላ ቀብቼ እከታለሁ፤ ብሎኖቹን በሙሉ ላላ አድርጌ አስገባለሁ። ከዚያም ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሲባጎ እለካለሁ። ሁለቱ ልኮች እኩል ሲሆኑ አጠብቅና ጀርባውን በየስንዝሩ በሚስማር እመታለሁ። የመምህሩ መደርደሪያ ብገፋው አልነቃነቅ አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የቡሬዎቹ ትዝ አሉኝ። አንድ ሕፃን የላይኛውን መጽሐፍ ለማውረድ ታችኛው መደብ ላይ ቢቆምስ?

ትናንት ቡሬ ሄድሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ አቻምየለሽ የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ።

"አንተ ነህ እንዴ መደርደሪያውን የሠራኸው? ልጆቹ 'የቆሎ ተማሪው' ይሉታል። ትምህርቱን እንደሚቀጽል ሰው ወዲያ ወዲህ ይላላ።"

"ልጅ ላይ ሊወድቅ ይችላል፣ እትዬ" አልኋቸው።

ሳቃቸው ጠፋ። "ሰኞ ሰኞ ስልሳ ልጅ ነው እዚህ የሚገባው። እስከ ዛሬ የት ነበርህ?"

አንተ ብትኖር ምን ትላቸው ነበር?

ጋሽ አንዷለም እያጉረመረሙ ሦስቱን ሰሌዳ አወረዱልኝ። ከአልጋቸው በላይ ያለችውን አራተኛዋን ግን እንቢ አሉ። "ክረምት በር ላይ ቆሞ ኮርኒሴን አላፈርስም። ትርፍ ነው ብሎ የሰጠኝ ያ ረጅሙ ነው፤ ከፈለገ እሱ መጥቶ ይለምነኝ።"

ሦስቱን መደርደሪያዎች ፈትቼ እንደ አዲስ ገጠምኋቸው። ምርጉን በጣቴ እያንኳኳሁ ከጭቃው ሥር የቆመውን የወጋግራ እንጨት ፈልጌ፣ በቀጭን ብረት እንጨትን ከእንጨት አሰርሁ። ወይዘሮ አቻምየለሽ በሁለት እጃቸው ተንጠልጥለው ፈተኑት፤ ፍንክች አላለም። አራተኛውን ማንም እንዳይነካው መሬት ላይ አጋደምሁት።

ልወጣ ስል መዝገብ ገልጠው "ማን እንደ ሠራው ልጻፍ" አሉኝ። ስሜን ሰጠሁ።

"ብቻህን ነበርህ?"

"አልነበርሁም። የሌላውን ስም ግን ራሱ መጥቶ ይንገርዎ" አልሁ።

ለባለ ሱቁም ነገ እነግረዋለሁ። ቢያባርረኝ አገሬ ስማዳ ሩቅ ነው፤ ባዶ እጄን እናቴ ዘንድ መግባቱም ያስፈራኛል። ቢሆንም እነግረዋለሁ።

አንተም የፊታችን ቅዳሜ ለአራተኛው ጀርባ የሚሆን አንድ ስስ ሰሌዳ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ይዘህ ቡሬ ና። ሽንኩርት አንድ ቀን ውኃ ቢያልፈው አይሞትም።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ወንድምህ የሆንሁ፣

ወንዳወቅ