ናፍጣ የነካው ኦቾሎኒ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ በላይነሽ፤ መንዝ፣ ሞላሌ።

እትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? የዘንድሮ ብርድ ጠናብዎት ይሆን? የባለቤትዎ የጋሽ ልዑልሰገድ ዓይን ተሻለው ወይ? እኔም፣ ፀዳለም፣ ልጃችን እንቁም እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ስል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ስለ ዝናብና ስለ ገብስ አውርተን ዘጋሁት። የልጅ ልጅዎ ሉሊት ይህን ስታነብልዎ በሩን ይዝጉት፤ ጎረቤት ባይሰማው እወዳለሁ።

እንደሚያውቁት ናዝሬት ስገባ መናኸሪያ በር ላይ በትሪ ኦቾሎኒ ነበር የምሸጠው። በኋላ በአንዲት ቡታጋዝ ስኳር እያቀለጥኩ የኦቾሎኒ ከረሜላ መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሠራሁት ሁሉ እያረረ፣ በጭሱ የተነሳ ከተከራየሁበት ግቢ ሊያስወጡኝ ነበር። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ አፍንጫዬ ነው ያስተማረኝ። ቀስ በቀስ የሞጆ ሾፌሮች ለመንገድ ይይዙልኝ ጀመር፤ ከዚያ የባቱና የአርሲ ነገሌ ሱቆች ተከተሉ። ዛሬ ስሜ ያለበት ካርቶን ላንጋኖ ሆቴሎች ድረስ ይገባል፤ አሥራ አራት ሠራተኛም የሚተዳደረው በዚሁ ነው።

መስከረም ላይ ጉንፋን ያዘኝ። ዐሥር ቀን አተኮሰኝና ለቀቀኝ። ተነሥቼ ፋብሪካ ስገባ ድስቱ ይፈላል፣ ሽታ ግን የለም። ወጡም፣ ሎሚውም፣ ሳሙናውም አንድ ሆኑብኝ። ሐኪሙ፣ «ነርቭ ነው፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፤ ከመጠበቅ በቀር የምሰጥዎ የለኝም» አለኝ። ለፀዳለ ብቻ ነገርኳት። ለሠራተኞቹ መንገር አፈርኩ።

በዚያው ሰሞን አዲስ ኦቾሎኒ መጣ። እንደ ልማዴ ጆንያውን ከፍቼ አሸተትኩ፣ አኘክሁ፣ «ግሩም ነው፣ አስገቡት» አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ አብዱናሲር የሚባለው የአርሲ ነገሌ ደንበኛዬ ካርቶን ተሸክሞ ራሱ መጣ። ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ዕቃ መልሶብኝ አያውቅም። «ጋሽ ሐዲስ፣ ልጆች አፋቸው ውስጥ ከተው ሲተፉት አየሁ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል» አለኝ። አንዷን ፈትቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋት። ምንም። እሱ ፊት ቆሜ እንደገና አሸተትኩ። ምንም፣ እትዬ። ለካ ኦቾሎኒው መኪና ላይ ሳለ ናፍጣ ፈስሶበት ኖሯል።

ድስቱ ላይ የሚሠራውን፣ በኦሮምኛ «አባኮ»፣ አባቴ፣ እያለ የሚጠራኝን ዱጋሳን ጠርቼ፣ «እናንተ አልሸተታችሁም?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ፣ «ሸቶናል፣ አባኮ። እርስዎ ግሩም ነው ሲሉ ግን የኛ አፍንጫ ነው የተበላሸው ብለን ተውነው» አለኝ። የዚያኑ ዕለት ሁሉንም ሰብስቤ እውነቱን ነገርኳቸው። የተረፈውን ከየሱቁ ለቅመን ቀበርነው። ነገሌ ውስጥ አንዲት ልጅ ታመመች ሲሉኝ ሄጄ ጠየቅኋት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች። እናቷ ግን የዘረጋሁላትን እጅ አልጨበጠችም። እጄን ይዤ ተመለስኩ።

አሁን ኦቾሎኒ የሚቀበለውም፣ ድስቱን የሚያወርደውም ዱጋሳ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ እውላለሁ። ትናንት ረፋዱ ላይ መጥቶ፣ «አባኮ፣ ደርሷል ወይ? ይዩልን» አለኝ። ደስ ብሎኝ ተነሥቼ ገባሁ። ለካስ ድስቱ ከእሳት ከወረደ ቆይቷል፤ ስኳሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ግማሹ ተቆርጧል። ሁሉም ሥራ አቁመው አፌን ያያሉ። «ደርሷል» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልን» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ እኔም ወደ ወንበሬ።

ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ እትዬ። ቢያንስ እርስዎ ይወቁልኝ ብዬ ነው።

ጋሽ ልዑልሰገድን ጉልበቱን ይሳሙልኝ። ሉሊትዬ፣ አንቺም ይህን ሁሉ ስላነበብሽ እግዜር ይስጥሽ፤ ለአያትሽ ሻይ አፍይላት። እንቁ ለጥምቀት እመጣለሁ ብላለች፤ ፀዳለም ጉንጭዎን ትስማለች።

ታናሽ ወንድምዎ ሐዲስ
አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.