ሚኒስትሩ ያመጣው ጨርቅ

ዋሚታዬ፣

እኛ ኑሜያ ከተማ ውስጥ የፈረንሳይን የባሕር ማዶ ግዛቶች ሚኒስትርን በቴሌቪዥን ብቻ ነው የምናየው፤ እዚህ ሊፉ ደሴት ግን ማንም ቢሆን በሽማግሌው ፊት ምንጣፍ ላይ የአክብሮት ስጦታ፣ ጨርቅና ትምባሆ ሳያስቀምጥ መንደር አይገባም። ዛሬ ከፓሪስ ለመጣው አዲስ ሚኒስትር ላስተረጉም ተገኘሁ። ስንመጣ መኪና ውስጥ ሊያስቀምጠው የያዘውን ባለአበባ ጨርቅ ጥግ በሲጋራው አቃጥሎት ነበር። ሲያስቀምጠው የመንደሩ ሽማግሌ ዋሄኦ ከቅርጫታቸው አንድ የነተበ ጨርቅ አወጡ፤ አበባው ያው፣ የተቃጠለው ጥጉም ያው።

«ይኼን እኮ ድሮ አምጥተኸዋል፤ እንኳን ተመለስክ፣ ልጄ» አሉት።

«አባቴ፣ እኔ ገና ዛሬ መምጣቴ ነው» ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ወደ ሽማግሌው ጨለማ ጎጆ ልመራው ስል፣ ሚኒስትሩ ቀድሞኝ ገብቶ ማንም ሳያሳየው የእንግዳው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ። የሚኒስትሩን ጨርቅ ትናንት የገዛሁለት ከእሷ ሱቅ ነው፤ ከዚያው ዓይነት ሌላ ካላት እንዳትሸጠው በያት።