ሰማያዊዋ የት እንደቆመች

ለምወድህና ለምናፍቅህ ባለቤቴ፣

እንደምን ከረምክ? ሞገዱና የሞተሩ ጩኸት እንዴት አድርገውሃል? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ታቃስታለህ? እኔ ደህና ነኝ። ልብስ ማጠቢያው እንደምታውቀው ነው፤ የእንግዳ ማረፊያው አንሶላ አያልቅ፣ እጄም ከሳሙና አይለይ። እናትህም ደህና ናቸው። «ደህና ናቸው ብለሽ ጻፊ» ስላሉኝ ይኸው ጽፌአለሁ።

ሰላምታው ይብቃንና ወደ ነገሬ ልግባ። ወረቀትህ ደርሶኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ጠፍተህ የላክኸው ቁራጭ ወረቀት ነው፤ እሱም ስለ እኔ አይጠይቅም። «መኪናችን አናጢው በር ላይ ምን ትሠራለች?» ይላል። መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። ቀጥሎ ግን አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፍቶኛል። ሚስትህን ታውቃት የለም እንዴ?

ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም። ራዲዮ ነው። ያ አብሮ አደግህ የጀልባ ትኬት ከሚቆርጠው ወሬ የሚቆርጠው ይበልጣል፤ ስም አወጣጡን ያወቀ ነው ራዲዮ ያለው። አልተቀየምኩትም። ለአንተ አስቦ ነው፤ ያየውን ነው የጻፈው። ሰማያዊዋን አናጢው በር ላይ አይቷታል፣ አንድ ቀን ብቻም አይደለም። እኔም ብቻዬን ወርጄ ስገባ አይቷል። ውሸት አልጨመረበትም።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን እዚህ ምን እንደሆነ ስለማታውቅ ከሥሩ ልንገርህ። የደሴታችን መንገድ ያው አንድ ነው፤ ዞሮ ዞሮ የተነሣበት ይመለሳል። ባንዱ ጎን ገደል፣ በሌላው ጎን የሰው በር። መኪና በጀልባ ይመጣል፤ ማቆሚያ ግን በጀልባ አይመጣም። ከግንቡ ሥር የነበረችው ቦታችን፣ አባትህ ጀልባቸውን የሚጠግኑባት፣ የበረዶ ማከማቻ ተሠራባት። ወደቡ ላይ ቢጫ መስመር አስምረው ከልክለዋል። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የመምህራኑ ነው፤ አንዷን መምህር ለምኜ ብታስጠጋኝ ዳይሬክተሩ በማግስቱ አስነሣኝ።

ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አቆምኩ። ጋጋሪው ዱቄቱን እያራገፈ ወጣና «እህቴ፣ ዳቦ ልትገዢ ነው?» አለኝ። አይ አልኩት። «እንግዲያው በናትሽ አንሺልኝ፤ መኪናሽን ያየ ሁሉ ትኩስ ዳቦ የወጣ እየመሰለው መጥቶ ይሰለፋል» አለኝ። ዘወር ብዬ ሳይ እውነትም ሦስት ሴቶች ቅርጫታቸውን ይዘው ቆመዋል። እነሱ ተቆጡ፣ እኔ አፈርኩ፣ ጋጋሪው ዳግም እስኪጋግር ድረስ ሲሰደብ ዋለ።

እንዲህ ነው እንግዲህ። ሌላ አገር መኪና ማለት ዕቃ ነው። እዚህ ግን አፍ አለው። ጉዳይ ከሌለህ በሰው በር አታቆምም፤ ካቆምክ ውስጥ ነህ። ፖሊሱ ፀጉር ቆራጩ ጋ ካቆመ፣ ያ ቀን በሌላው ሰፈር ሰው እንዳሻው የሚነዳበት ነው። ይሄን ከእኔ ይበልጥ አንተ ታውቃለህ፤ ተወልደህ ያደግክበት ነው። እኔ በጋብቻ የመጣሁት እንኳ መስኮት ከፍቼ መንገዱን እንደ ጋዜጣ ማንበብ ከለመድኩ ቆየሁ።

በዚያ ላይ ያንተ ጥፋት አለበት። የሰው መኪና ነጭ ነው፤ ነጩ ከነጩ ይምታታል። የእኛን ግን ከመርከብ የተረፈ ቀለም ተሸክመህ መጥተህ በብሩሽ ሰማያዊ ቀባሃት። «ቆርቆሮዋን ዝገት አይነካትም» ብለህ ስትኩራራ ትዝ ይልሃል? እውነት ነው፣ ዝገት አልነካትም። ዓይን ግን ያልነካት ጊዜ የለም። ጀልባ ላይ ያለ መንገደኛ ሳይቀር ይለያታል።

አሁን አናጢው ጋ ደረስኩ። ዳገቱን ታስታውሰዋለህ፤ የልብስ ሰፊዋ ቤት፣ የአናጢው ሱቅ፣ ከዚያ ክሊኒኩ። እዚያ የማደርሰው ሰው ነበረኝ። ዳገቱን በእግር የማይወጣ ሰው። ማን እንደሆነ አልነግርህም፣ ምዬበታለሁ። ያውም «አንተን ይንሳኝ» ብዬ ነው የማልኩት፤ ሌላ መሐላ አልቀበልም ስላሉኝ። አንተን በውኃ ላይ አስቀምጬ ይህን መሐላ የማፈርስበት አንጀት የለኝም። እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አላምንም ስል ሰምተኸኛል። አንተ ባሕር ላይ ስትሆን ግን አምናለሁ።

እኚህ ሰው በክሊኒኩ በር ሰማያዊዋ እንድትታይ አልፈለጉም። «ዛሬ እዚያ ከቆመች ነገ ራዲዮ ይጽፍለታል። ሞተር ክፍል የሚሠራ ሰው ሐሳቡ ቤት ከቀረ እጁን ማሽን ይበላዋል» አሉኝ። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ ተኮራረፍን። አላሸነፍኳቸውም። እሳቸውን ያሸነፈ ሰው በዚህ ደሴት ተወልዶ አያውቅም፤ አንተም አልሞከርከውም።

አናጢው በር ላይ መንገዱ እንዴት እንደሚጠብ ታውቃለህ። መኪናዋን ግድግዳው ጥግ አስጠግቼ ሳቆማት የቀኝ በሯ ከሱቁ ደጃፍ ጋር ገጥሞ ይከፈታል። ከዚያ በኩል የወረደ ሰው እግሩ መንገድ ሳይረግጥ ሱቁ ውስጥ ነው፤ ሻርፑን እንኳ ማንም አያይበትም። በመንገዱ በኩል ስወርድ የምታየው እኔ ብቻ ነኝ። የሱቁ የጓሮ በር የማን ጓሮ ላይ እንደሚከፈት ደግሞ አልነግርህም። ልጅ ሆነህ ኳስህ ስንቴ ገብታ በዚያ በር ሾልከህ እንዳመጣሃት እናትህ አጫውተውኛል።

አናጢው ምንም አልጠየቀኝም። ሰው ሲመጣ መላጊያውን አስቀምጦ የፈለጠውን እንጨት ከመሄጃው ላይ ያነሣል፣ የጓሮውን በር ይከፍታል፣ ፊቱን አዙሮ ሥራውን ይቀጥላል። ወሬው ጆሮው ሲደርስ ብቻ «የኔ ስም ድሮም የተመረቀ አልነበረም። ያንቺ ነው የሚያሳዝነኝ» አለኝ። ከዚህ ሌላ ከእሱ ጋር የተነጋገርኩት ነገር ቢኖር ምድር ትዋጠኝ።

ወሬው ግን እንዴት እንዳንገበገበኝ። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ስገባ ጨዋታ ይቆማል። ልብስ ሰፊዋ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ሰላም ትለኛለች፣ እንደገባሁ መልሳ ትጋርዳለች። አንድ ቀን ደግሞ መኪናዋ መስታወት ላይ አቧራውን በጣት ጭሮ «ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ሰው ጽፎ አገኘሁ። በቀሚሴ እጅጌ ጠረግኩት። ከኋላ ወንበር የነበሩት ሰው ግን አንብበውት ኖሯል። ቤት ስንደርስ እጄን ይዘው «በኔ የተነሣ ስምሽ ጠፋ» አሉና ዓይናቸው ሞላ። ያኔ መሐላውን ይፈቱልኛል ብዬ ነበር። አልፈቱልኝም።

ሌላም ወሬ ልንገርህ፣ የቤት ወሬ ነው። የእናትህን ቀሚሶች በሙሉ ጎናቸውን አጠበብኳቸው። አምና ያጠበብኩትን ዘንድሮ እንደገና። «ፋሽኑ እንዲህ ነው» ይሉኛል፤ ፋሽን የት እንዳዩ እንጃላቸው። ፎቶህን ከሳሎን አንሥተው ራስጌያቸው አድርገውታል። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጀልባው ሲገባ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያሉ። ማንን ነው ስላቸው «መንገደኛ ማየት ደስ ይለኛል» ነው መልሳቸው።

ባለፈው ሳምንት ስንሄድ እኚያ ሰው ከአናጢው ጓሮ ያለችውን አንዲት ደረጃ መውጣት አቃታቸው። እኔና አናጢው ደግፈን አወጣናቸው። ልክ እንደ ላባ ቀለሉኝ፤ እሱም አየኝ፣ እኔም አየሁት። ስንጨርስ ነርሷ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ «የሚጠራ ሰው ካለ አሁን ይጠራ። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትይኝ» አለችኝ።

በምን አፌ ልጥራ? ብናገር አንተን በመሐላዬ አስይዤሃለሁ። ዝም ብል ደግሞ በኋላ ፊትህን በየት በኩል አየዋለሁ? ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ጠዋት መኪናዋን ሳስነሣ መላው መጣልኝ። የማልኩት እኔ ነኝ። ሰማያዊዋ አልማለችም።

እና ዛሬ ዳገቱን ወጣሁ፣ አናጢውን አለፍኩት። ክሊኒኩ በር ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ፣ ጥሩንባዋን ሁለቴ አስጩኼ አቆምኳት። ከኋላዬ «ምን ማድረግሽ ነው! ሰው ያየናል እኮ!» አሉኝ። «ይየን!» አልኩ። ብዙ ተቆጡኝ። ወርደው በሩን እስኪያልፉ ክንዴን አልለቀቁም፤ መጨረሻ ላይ ቆም ብለው ቁልቁል ወደ ትኬት ቤቱ መስኮት ተመለከቱ። «ራዲዮ ቅን ልጅ ነው፤ ቶሎ ይጽፍለት ይሆን?» አሉኝ ቀስ ብለው። እንዳይጽፍ ይሁን እንዲጽፍ ፈልገው እንደሆነ እስካሁን አላወቅሁም።

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃዋን ሙሉ በሙሉ ከፍታ አፏን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር። ከዚያ ወጥታ ወንበር አመጣችልን። ነገ፣ ከነገ ወዲያም እዚያው አቆማለሁ።

የምጽፍልህ ነገር ይኸው ነው። እኔ የነገርኩህ ነገር የለም፤ ማንም ሲጠይቅህ ሚስቴ ምንም አልጻፈችልኝም በል። ፈቃድ የምትጠይቅ ከሆነ ግን ዝናቡ ሳይገባ ጠይቅ፣ አለቃህ እንቢ ቢልህም ለምነው። ተቀይሜህ እንደነበር አትርሳ፤ ስትመጣ እንጣላለን፣ ጊዜ ካለን።

ፈጣሪ ከማዕበልና ከማሽን ይሰውርህ። እጅህን ጠብቅ፤ ልብህ የትም ቢሆን እጅህን ጠብቅ። እናትህ ይመርቁሃል፤ «ወጥተህ ግባ፣ የረገጥከው ይለምልም» ብለዋል።

ይህ ከመድረሱ በፊት የራዲዮ ወረቀት ይደርስህ ይሆናል። ሰማያዊዋ የት እንደቆመች ይነግርሃል። ባለፈው ባልነበረ ነገር አምነኸዋል፤ ያሁኑን ደግሞ እመነው።

ስትናፍቅህ የምትኖረው
ሚስትህ