መስመሩ ያልሰማው መሰኪያ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? ጉልበቴን ያመኛል ያልሽው ተሻለሽ? ደረጃ መውጣት ቀንሺ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፤ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰው ምክር የምትቀበይው ራስሽን መክረሽ ስትጨርሺ ነው። እኔ ደህና ነኝ። የፕላስቲክ ቅርጽ ማውጫው ጠርዝ እጄን ቆርጦኝ ነበር፣ እሱም ጠግጓል። ሥራው እንደምታውቂው ነው፤ ከገመድና ከፕላስቲክ ጋር ስጣላ ይመሻል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ ይገባኛል። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ በስልክ ስናወራ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እሺ እላለሁ። ዛሬ ግን እሺ የማልለው ነገር አለኝ። ሁለተኛውን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። አጎታችን ወደ እናንተ ከተማ ለጉዳይ ስለሚመጣ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ባለቤትሽ ቤት ካለ ጥሪውና አጠገብሽ ይቀመጥ፤ እሱ ሲኖር ትንሽ ትታገሻለሽ።

ነገሩ ስለ ጽዳቷ ሴትዮ ነው። አባባን ያስገባንበት የአረጋውያን ቤት ኃላፊ እንደነገረችኝ፣ ደውለሽ ሴትዮዋ ትባረር፣ በሕግም ትጠየቅ ብለሻታል። ውሉ በአንቺ ስም ስለሆነ ኃላፊዋ ሴትዮዋን ከሥራ አግዳ ያንቺን የጽሑፍ ቃል እየጠበቀች ነው። እባክሽ እትዬ፣ ያንን ቃል ከመጻፍሽ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ካነበብሽው በኋላም ልትቆጪ ትችያለሽ፤ ግን በትክክለኛው ሰው ላይ።

በቁጣሽ አልፈርድብሽም፤ እኔም ደሜ ፈልቶ ነበር። አባባ ከምሳ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ወድቆ፣ ሰው ሳያየው ቆይቶ፣ እራት ሊያቀርቡለት ሲገቡ አገኙትና ሐኪም ቤት ወሰዱት። የጥሪውን ደወል ጨብጦ ነበር። ተጭኖታል፣ ደጋግሞ ተጭኖታል፤ ነገር ግን ደወሉ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ገመዱ ወለሉ ላይ ወድቆ ቀርቷል፣ መሰኪያውም ከቦታው የለም። መሰኪያው ደግሞ የማን ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ይህን ሥራዬን በወጉ አስረድቼሽ አላውቅም፤ ስትስቂብኝ እየተናደድኩ እተወው ነበር። በኮሪደሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን ገመድ ተዘርግቷል። ውስጡ ያለው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ የክፍሎቹ ሁሉ መልእክት የሚያልፈው በእነዚያ ሁለት ሽቦዎች ላይ ነው። በየክፍሉ ገመዱን ሳይቆርጥ በጥርሱ ነክሶ የሚይዝ መቀመጫ አለ። እዚያ ላይ የምትሰካው ብርቱካናማ መሰኪያ ከዋናው መስመር ወደ ክፍሉ ቅርንጫፍ ታወጣለች፣ የደወሉም ገመድ እሷ ላይ ይሰካል። አንድ ሰው ደወሉን ሲጫን የክፍሉ ቁጥር በነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ ይበራል። ያቺን መሰኪያ ነው እኔ የሠራሁት።

የድሮዎቹ መሰኪያዎች አንዱ ሲነቀል ከእሱ በኋላ ያሉትን ክፍሎች ሁሉ ይዞ ይጠፋ ነበር። አንድ ሰው አልጋውን ሲያንቀሳቅስ መሰኪያውን ገጭቶ ካወጣው ግማሹ ኮሪደር ዝም ይላል። እኔ ይህን ለማስቀረት ስንት ጊዜ ሠርቼ ስንት ጊዜ አፈረስኩ። በመጨረሻ አንዱ ቢነቀል ሌላው የማይጎዳበትን አገኘሁ። አለቃዬ ፊት መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ ስነቅላቸው መስመሩ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ቀጠለ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እኔም በደስታ እግሬ መሬት አልረገጠም። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት እኔ ነኝ። የማይቋረጠውን መስመር ሳደንቅ የተነቀለው ክፍል ምን ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩም። መስመሩ ካልተሰማው ነርሶቹም አይሰማቸውም፤ በጠረጴዛቸው ላይ ያለው ሰሌዳ ሰላም ነው እንዳለ ይቀራል።

አባባ ከወደቀ በኋላ ኃላፊዋ ጠርታኝ መሰኪያው በራሱ ሊወጣ ይችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይወጣም፣ ሰው ካልነቀለው ንቅንቅ አይልም አልኳት። ውሸት አልተናገርኩም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት ለአባባ ብዬ አልነበረም፤ ለሥራዬ ሳስቼ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰው ነቅሎታል ከተባለ በየቀኑ እዚያ ክፍል ወጥታ የምትገባው ማን ናት? ጽዳቷ። የወለል ማጽጃ ማሽኗ መንገድ ዘግቶባት ነቅላ የሆነ ቦታ ጥላዋለች ተባለ። ያን ዕለት የዕረፍት ቀኗ እንደነበረ ቢታወቅም፣ ከዚያ በፊት ነቅላው ይሆናል አሉ። እሷም አልነቀልኩም ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ዝምታዋ እንደ ጥፋት ተቆጠረባት።

ታዲያ የአባባን ዕቃ ልቀበል የሄድኩ ዕለት ዳኛው ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። ታስታውሺያቸዋለሽ፤ የአባባ የገበታ ጓደኛ፣ ካርታ ላይ ሁልጊዜ እሳቸው ፈራጅ ስለሚሆኑ ዳኛው የምንላቸው። ባለፈው ስትመጪ አንቺንም አጭበረበርሽ ብለው ከጨዋታ ያስወጡሽ። እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ያቺን ብርቱካናማ ነገርህን አባትህ ያላሳየው ሰው የለም፣ ሰልችቶን ነበር አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። አባባን ታውቂዋለሽ፤ ግንበኛ ነው። ለእሱ ሥራ ማለት ተደግፈውት የማይወድቅ ነገር ነው። ግድግዳ ሲጨርስ፣ ሥራው ልቡን ካረካው ብቻ፣ ከማዕዘኑ ድንጋይ ሥር ማንም በማያየው ቦታ በሚስማር ሦስት ጭረት ያደርግ ነበር። ካላረካው ምንም አያደርግም። ትንሽ ሆነን ያንን ፍለጋ በሆዳችን ስንሳብ ቀሚስሽን ቀደሽ የተቆጣሽኝን አልረሳም። በገዛ ቤታችን ላይ እንኳ የለም፤ በስተጓሮ በኩል ትንሽ ጠሞብኛል ብሎ። እኔን ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ፣ ሰዎች ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉኝ ምን ልበላቸው፣ የገመድ መገጣጠሚያ ልበል ወይ እያለ ሲያበሽቀኝ፣ አንቺም ከጎኑ ሆነሽ በሳቅ ስትፈርሺ ነው የኖርኩት። መሰኪያዎቹ እዚያ ቤት የተገጠሙ ዕለት አንዷን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ወዲያ ወዲህ አገላብጦ፣ ይህች ናት ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከፍቶኝ ወጣሁ፤ ለአንቺም አልነገርኩሽም።

ዳኛው እንደሚሉት አባባ የራሱን ክፍል መሰኪያ ነቅሎ ወደ ምሳ ይዟት ይመጣል። በመሐረብ ጠቅልሎ። ገበታው ሲነሳ ይፈታትና ጠረጴዛው መሐል ያስቀምጣታል። ይህች የልጄ እጅ ናት፣ ሁለት ሽቦ ሳትቆርጥ ሦስተኛ መንገድ ታወጣለች፣ እኔ በድንጋይ የማላውቀውን እሱ በዚህች ቁራሽ አደረገው ይላል። ለአዲስ ገቢ ሁሉ ይህ ንግግር ግዴታ ነበር። ሌላ ሰው ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ እንኳ አያመልጥም። እኔ ስሄድ ግን ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ሾርባው ጨው ማነስ ብቻ ነበር የሚያወራኝ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ነገርን ከሥሩ ብዬ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። የሥራ ልብሷን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ከበሩ ጀርባ ሰቅላዋለች፤ ነገ ትጠራ ይመስል። ዳኛው የነገሩኝን ስነግራት እንባዋ መጣ። አባባ ሻለቃ ይላት ነበር አለችኝ፤ ስለምትቆጣጠረው። ጠዋት ከገባች የመሰኪያውን መቀመጫ ሳታይ ክፍሉን አትጠርግም። ከሰዓት በኋላም ተመልሳ ታያለች። ባዶ ከሆነ ከኮቱ ኪስ አውጥታ፣ እየተቆጣች ትሰካዋለች፤ እሱም ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣታል። ለልጅዎ እነግራለሁ ብትለው አስምሏት ነበር። ከሰማ ይቆጣኛል፣ ከዚያ ደግሞ ይጀነንብኛል ብሎ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘሽ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። አዛውንት ሰው አደራ ብለውኝ፣ እሳቸው አፍ አውጥተው መመለስ በማይችሉበት ጊዜ፣ በልጆቻቸው ፊት ራሳቸው ናቸው ያጠፉት ልበል እንዴ አለችኝ። ይልቅ ያን ዕለት ማረፌ ነው የሚቆጨኝ አለች። እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም የከረምነው እኛ ነን። መሰኪያው ያለ እሷ አንድ ሳምንት እንኳ ከቦታው አይገኝም ነበር።

ለኃላፊዋ ሁሉንም በአፌ ነግሬያታለሁ። አመነችኝ፤ ነገር ግን እህትህ የምትጽፈው ቃል ነው የሚያስረኝ ትላለች። ስለዚህ የሴትዮዋ እንጀራ ያለው በአንቺ ብዕር ላይ ነው። ክሱን ትቼዋለሁ፣ ወደ ሥራዋ ትመለስ ብለሽ ጻፊ። ጥፋተኛ ካስፈለገሽ እኔ አለሁልሽ፤ እንደ ልጅነታችን ጆሮዬን ይዘሽ አዙሪኝ፣ አልጮህም።

አለቃዬንም አስቀይሜዋለሁ። መሰኪያው መለወጥ አለበት፣ እስከዚያ የተገጠመባቸው ቤቶች ሁሉ ይነገራቸው ስለው፣ የማይቋረጥ መስመር ብለን የሸጥን ሰዎች አሁን ዞረን ጉድለት አለበት እንበል ወይ ብሎ ጮኸብኝ። አዎ እንበል አልኩት። እስካሁን አልታረቅንም፤ እኔ ግን አዲሱን ጀምሬዋለሁ። መሰኪያዋ ከመቀመጫው ስትወጣ መስመሩ እንደ በፊቱ አይቋረጥም፤ መቀመጫው ግን ባዶ መሆኑን በዚያው መስመር ለነርሶቹ ይናገራል። መነቀሏ ራሱ እንደ ጥሪ ይቆጠራል ማለት ነው። አባባ ቢሆን፣ በነቀላት ቁጥር ነርሶቹ እየሮጡ ሲመጡ አዲስ ተመልካች አገኘሁ ብሎ ያንን ንግግሩን ይጀምርላቸው ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምክንያት ልምጣ። ስልክ ያልደወልኩት ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። አንቺ ደግሞ ከእኔ ድምፅ ነገር ለመልቀም ማን ብሎሽ። ለአባባ ብለሽ የገዛሽለትን ብርድ ልብስ አትላኪው። ከሐኪም ቤት ሲወጣ ከእናንተ ዘንድ ይቆያል ብለሽ ያሰናዳሽውን ክፍልም ለልጆቹ መልሺላቸው። አጎታችን ሲደርስ በር ላይ አቁመሽ አታናግሪው፤ አስገቢው፣ አስቀምጪው፣ አንቺም ተቀመጪ። አብረውት የሚመጡ ዘመዶች አሉ። የቀረውን እሱ ይነግርሻል፤ ጉዳይ ያልኩሽም ይኸው ነው።

ኃላፊዋ ዕቃውን በአንድ ከረጢት አድርጋ ነው የሰጠችኝ፤ ጫማውን፣ መነጽሩን፣ ያን ክርኑ የተጣፈ ኮት። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተሰቅሎ ስለነበር ማንም ኪሱን አላየም። መሰኪያዋ እዚያ መሐረቡ ውስጥ ናት። እሱም እጁ ላይ ደወሉን ይዞ፣ እሷ ከአጠገቡ ኮቱ ኪስ ውስጥ እንዳለች ረስቷት ነበር ማለት ነው። ይህን ብቻዬን መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፍልሽ።

ፈጣሪ ያጽናሽ እህቴ። ጉልበትሽን ይፈውስልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። እኔንም ከአንቺ ቁጣ አይለየኝ፤ ከእንግዲህ የሚቆጣኝ ሌላ ሰው የለኝም።

መሰኪያዋን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። መሐረቡን አልቀየርኩትም። እኔ ሠርቼ ስሰጠው ጀርባዋ ልሙጥ ነበር። ገልብጠሽ እዪው።

ታናሽ ወንድምሽ